ጋቢናው የማን ነው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ለሠርግ ወይም ለበዓል ጊዳ አያና የሚሄድ ቤተሰብ ነቀምቴ ለመድረስ ብቻ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከዚያም ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ በቡሬ መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። አንድ ዓይነት ቁርስ በልተው በአንድ መኪና የተሳፈሩት ሰዎች ግን ጉዞው እኩል አይከብዳቸውም። ሹፌሩ ምንም አልሆነም። ጡት የሚጠባው ሕፃን እንቅልፉን ለጥጧል። ጋቢና የተቀመጡት አያት መንገዱ ድሮ እንዴት እንደነበር ያወራሉ። ከኋላ ያለችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን አምቦ ላይ ዝም አለች፣ ጉደር ላይ ላብ ላብ አላት፣ ከጌዶ ወደ ባኮ ቁልቁል ሲጀመር ደግሞ ፌስታል ጠየቀች።

ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ቁርሱ ነው። እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ዘይቱ ይነሣል። ችግሩ የሚጀምረው ግን ሆድ ውስጥ ሳይሆን ጆሮ ውስጥ ነው።

የሰው ውስጠኛ ጆሮ ከመስማት ሌላ ሚዛን የመጠበቅ ሥራም አለበት። በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች የጭንቅላትን መዞር ይለያሉ፤ ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮችን የያዙ ሁለት ከረጢቶች ደግሞ መኪናው ሲፈጥን፣ ሲቆምና ሲያዘነብል ለአንጎል ያሳውቃሉ። ልጅቷ ስልክ ላይ ካፈጠጠች ዓይኗ የሚያየው ቀጥ ብሎ የቆመ ስክሪን ነው። ጆሮዋ ግን ኩርባውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ሪዝን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳብራሩት፣ የሚያሳምመው ይህ የዓይንና የጆሮ አለመስማማት ብቻ አይደለም፤ አንጎል ከልምዱ ተነሥቶ የሚጠብቀውና የሚደርሰው መልእክት መለያየቱም ጭምር ነው። ሹፌሩን የሚያድነው ይኸው ነው። መሪውን የሚያዞረው እሱ ስለሆነ፣ ኩርባው ከመድረሱ በፊት አንጎሉ ያውቀዋል።

ጆሮ ለመወቀሱ ጥሩ ማስረጃ ያቀረቡት አሥራ አንድ መስማት የተሳናቸው አሜሪካውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይልና ናሳ ሰው በጠፈር ጉዞ ምን እንደሚሰማው ለማጥናት ከዋሽንግተኑ ጋሎዴት ኮሌጅ እነዚህን ሰዎች መለመሉ። አሥሩ በልጅነታቸው በማጅራት ገትር ታመው የውስጠኛ ጆሯቸው የሚዛን ክፍል ተጎድቷል። በካናዳ ጠረፍ፣ ኖቫ ስኮሺያ አጠገብ፣ ማዕበል በሚያናውጠው ባሕር ላይ በመርከብ ተወሰዱ። እነሱ ካርታ እየተጫወቱ ዘና ሲሉ፣ ሊያጠኗቸው የተሳፈሩት ተመራማሪዎች እጅግ ስለታመሙ ሙከራው ተቋረጠ።

የስሜት ሕዋሳት አለመስማማት ለምን በማስመለስ እንደሚያበቃ ግን እስካሁን ያከራክራል። ተመራማሪው ሚሼል ትሬስማን እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረቡት መላ ምት፣ አንጎል ግራ የገባውን ስሜት የመርዝ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል፤ ስለዚህ የተበላውን ያስወጣል። መላ ምቱ ማራኪ ነው፤ ማረጋገጡ ግን ቀላል አልሆነም።

ዕድሜም ይለያል። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መኪና የሚያማቸው ከስንት አንዴ ነው። ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ ተጋላጭነቱ ይጨምራል፣ በዘጠኝና በአሥር ዓመት ገደማ ይበረታል፣ ከዚያ በኋላ ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል። በአገራችን ልማድ ደግሞ ጋቢናው የታላቅ ነው። አያት ወይም አባት ከፊት ይከበራሉ፣ ልጆች ከኋላ ይደረደራሉ። መከባበሩ መልካም ነው፤ ውጤቱ ግን በጣም የሚታመመው ሰው ምንም በማይታይበት ቦታ መቀመጡ ነው።

የእይታው ነገር ቀላል አይደለም። በእንግሊዝ አገር በአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ከ3,200 የሚበልጡ ተሳፋሪዎችን ጠይቋል። ከፊት ያለውን መንገድ ማየት የማይችሉት፣ በደንብ ከሚያዩት ጋር ሲነጻጸሩ ሦስት እጥፍ ያህል ታመዋል። ሌላው ጥፋተኛ መኪናው በኩርባ ላይ ወደ ጎን መወዛወዙ ነበር፤ ይህም ከአነዳድ ጋር ይያያዛል። «ሹፌር፣ ቀስ በል!» የሚሉት እናቶች ልክ ናቸው።

ታዲያ ልጆች ጋቢና ይቀመጡ ማለት አይደለም። በአደጋ ጊዜ ለልጅ የተሻለው ከኋላ ቀበቶ ታስሮ መቀመጥ ነው። ማስታረቂያው ከኋላ ወንበር መሐል ነው፤ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል መንገዱ ይታያል። ስልኩን አስቀምጦ ሩቅ ማየት፣ ጭንቅላትን ከወንበሩ መደገፍም ይረዳል። መስኮት መክፈትም እንዲሁ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ሕመሙን በመጠኑ ያስታግሳል፣ የነዳጅ ሽታም ያስወጣል። እዚህ ላይ ግን ሳይንስ ከአንድ ኃያል ባላጋራ ጋር ይጋጠማል፦ ንፋስ ይመታናል ባዮች። ሎሚ ማሽተት ሌላውን ሽታ ይሸፍን ይሆናል እንጂ ጆሮንና ዓይንን አያስማማም።

ከነቀምቴ በኋላ ጆሮ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,080 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ በኡኬና በአንገር ጉትን በኩል ሲያልፍ ወደ አንገር ወንዝ ሸለቆ፣ ከ1,500 ሜትር በታች ይወርዳል። ሙቀቱ በአራት ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ኮቱ ይወልቃል። የአየር ግፊቱም በሰባት በመቶ ገደማ ያድጋል። ነቀምቴ ላይ ባዶውን የተከደነ ሃይላንድ ሸለቆው ውስጥ ጎኑ ገባ ብሎ ይገኛል። በጆሮ ታምቡር ላይም ያው ግፊት ያርፋል።

ከታምቡሩ ጀርባ ያለው አየር ከውጭው ጋር የሚስተካከለው ከጉሮሮ በሚመጣ ቀጭን ቱቦ ነው። ዳገት ሲወጣ ትርፉ አየር ቱቦውን ራሱ ገፍቶ ይወጣል። ቁልቁለት ላይ ግን ቱቦው እንደተዘጋ ይቀራል፤ የሚከፍተው መዋጥ ወይም ማዛጋት ነው። በሕፃናት ደግሞ ይበልጥ ጠባብና አግድም ነው። ተኝቶ የነበረው ሕፃን አንገር ላይ ድንገት ቢያለቅስ ርቦት ላይሆን ይችላል። ጡት ቢሰጠው ግን ዝም ይላል፤ ሲጠባ ይውጣላ።

የመጀመሪያው ቀን የሚብሰው አንጎል ገና ስላልለመደ ነው። መርከበኞች ባሕር በገቡ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይሻላቸዋል፤ አንጎላቸው አዲሱን እንቅስቃሴ መጠበቅ ይጀምራል። መንገድ ላይም እንዲሁ ነው፤ ጊዳ አያና አድሮ በማግስቱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ የሚቀጥል ተጓዥ ሊቀለው ይችላል። ልማዱ ግን ካልታደሰ ይጠፋል። ይህ መንገድ በጸጥታ ችግር ሲዘጋና ሲከፈት ከመቆየቱ የተነሣ፣ ድሮ ምንም የማይሉ ተመላላሾች ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲሳፈሩ ቢያጥወለውላቸው አያስገርምም።

ክኒንም አለ፤ ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። እንደ ዳይመንሃይድሪኔት ያሉት የሚወሰዱት ከመነሣት ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ማቅለሽለሹ ከጀመረ ጨጓራ የያዘውን ወደ አንጀት ማሳለፉን ስለሚያዘገይ፣ ጌዶ ላይ የተዋጠ ክኒን እዚያው ተኝቶ ይቀራል ወይም ከቁርሱ ጋር ይወጣል። የልጆችን መጠን የሚወስነው ፋርማሲስት ወይም ሐኪም ነው። እንቅልፍ ስለሚያመጣም ለሹፌር አይሰጥም፤ እሱ ደግሞ መሪውን እስከያዘ ድረስ እምብዛም አያስፈልገውም።