ተጨማሪ መረጃ፦ ስኪ ዳገት እንዴት ይወጣል?

ኖርዌይ ውስጥ በብርዱ ወራት በረዶ በሸፈነው ጫካ መሃል በስኪ (እግር ላይ በሚታሰር የበረዶ መንሸራተቻ) መጓዝ የዘወትር ነገር ነው። የአገር አቋራጭ ስኪ ቀጭንና ቀላል ነው፤ ጫማውም የሚታሰረው በጣቶቹ በኩል ብቻ ስለሆነ ተረከዝ እንደልብ ይነሳል።

ታዲያ ወደፊት የሚንሸራተተው ስኪ ዳገት ላይ ለምን ወደኋላ አያዳልጥም? ምስጢሩ ከእግር ሥር ነው። ስኪው መሃሉ እንደ ቀስት የጎበጠ ነው። ክብደት በሁለቱም እግሮች ላይ ሲያርፍ መሃሉ በረዶውን እምብዛም ስለማይጫን ይንሸራተታል። ተጓዡ ክብደቱን ባንድ እግሩ ላይ ጥሎ ሲረግጥ ግን ጉብጠቱ ይዘረጋል፤ የበረዶው ሹል ቅንጣቶችም መሃሉ ላይ የተቀባው ሰም ውስጥ ገብተው ቀጥ ያደርጉታል። ሰሙ ለቅዝቃዜ ጠንካራ፣ ለሚቀልጥ በረዶ ለስላሳ መሆን አለበት። አለዚያ ወይ እግር ያዳልጣል፣ ወይ ደግሞ (ይህ ይብሳል) በረዶው ከስኪው ሥር ይጋገራል።

እዚያው ኖርዌይ ውስጥ ከሬና እስከ ሊልሃመር በሚካሄደው የ54 ኪሎ ሜትር የቢርከባይነር ውድድር ተሳታፊዎች 3.5 ኪሎ ግራም ሸክም ይዘው ይጓዛሉ። ይህም እ.ኤ.አ. በ1206 ቢርከባይነር የተባሉት ተዋጊዎች በስኪ ተራራ አቋርጠው ከጠላት ያሸሹትን ሕፃን ልዑል ሆኮንን ለማስታወስ ነው።

በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ የተወዳደረው በዚሁ በአገር አቋራጭ ስኪ ነው።