ሰውነትን አጠንክሮ ተራራን መጠበቅ

የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት ለብዙዎቻችን ሩጫና ዝላይ፣ ኳስና ፉጨት ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን የጠነከረ ጉልበት ለምን ይውላል ብለን ብንጠይቅ፣ በስሜን ተራሮች የሠራ የአንድ ሰው ታሪክ መልስ ይሰጠናል።

ከድብ ባሕር ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደባርቅ የወጣ መንገደኛ፣ አገሩ ጉልበትን እንዴት እንደሚፈትን ያውቃል። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር ሌላ መኖሪያ የለውም። በ1960 ዓ.ም. ይህን ቦታ እንዲጠብቅ የመጣው ክላይቭ ኒኮል የተባለ የዌልስ ተወላጅ ነበር። በ17 ዓመቱ በካናዳ በረዷማ ምድር የአዕዋፍ ጥናት ረድቶ፣ በኋላም በጃፓን ካራቴ ተምሮ ጥቁር ቀበቶ አግኝቶ ነበርና ገደሉና ብርዱ አልበገሩትም።

ኒኮል በሳንቃበር ሰፍሮ ሁለት ዓመት ያህል አገለገለ። አዳኙን መከልከል ቢቻልም፣ መሬት የጠበበው ገበሬ ደኑን መመንጠር አልተወም፤ ኒኮልም ይህን እያየ አዝኖ ሄደ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሆኖም በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ አልወጣም። እንግዲህ ሕግና ዘበኛ ብቻቸውን ተራራን እንደማያድኑ ከዚህ እንረዳለን።

ኒኮል ግን ተስፋ አልቆረጠም። ወደ ጃፓን ተመልሶ በናጋኖ ባለቤት የተወውን ጫካ እየገዛ ዛፍ ተከለ፤ በትውልድ አገሩ በሚገኝ ሸለቆም ስም አፋን ብሎ ሰየመው። በ2012 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ኑሮ የጎዳቸው ሕፃናት ወደዚያ ጫካ እየመጡ እንዲጫወቱና እንዲማሩ ያደርግ ነበር።

ይህ አሠራር ለደባርቅና ለዳባት መምህራንም ሩቅ አይደለም። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን በዋልያ ስም ይጠራል፤ ነገር ግን ከልጆቻችን ዋልያን በዓይኑ ያየ ስንቱ ነው? መምህሩ ተማሪዎቹን በሳምንት አንድ ቀን ከሜዳው አውጥቶ ወደ ተራራው ቢመራቸው፣ እግራቸው ይጠነክራል፤ ዓይናቸውም ይከፈታል። ወላጆችም ከቅዳሴ በኋላ ልጆቻቸውን በአጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ጽድና ወይራ መካከል እያዘዋወሩ የዛፎቹን ስም ያስተምሯቸው። አባቶች ጠብቀው ያቆዩትን ዛፍ በስሙ የሚያውቅ ልጅ፣ ነገ ምሳር ለማንሣት እጁ አይፈጥንም።