በቤታችን ያየናቸው ፊልሞች ከ10 ስንት ያገኛሉ?

በዚህ ዕትም የመዝናኛ አምድ የደረሰው ለእኔ ነው። ስለዚህ በቅርቡ በቤታችን ስላየናቸው ፊልሞች ልጽፍላችሁ ነው። መምህራን ደብተራችንን አርመው ከ10 እንደሚሰጡን እኔም ለፊልሞቹ ከ10 ሰጥቻለሁ። ነጥቡ የራሴ ነው። የማይስማማ ካለ ለሚቀጥለው ዕትም ይጻፍና እንከራከር።

እኛ ቤት ስድስት ነን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ አያቴ፣ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ እና ከደባርቅ አካባቢ ለትምህርት መጥታ ከእኛ ጋር የምትኖረው የአጎቴ ልጅ። እሷ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እታለም ነው የምላት። አባቴ ፊልሙን በፍላሽ ያመጣል፤ መብራት ካለ ቅዳሜ ማታ እናያለን። መብራት ከሄደ አያቴ ተረት ታወራልናለች። ወንድሜ የእሷ ተረት ከፊልም ይሻላል ይላል፤ ምክንያቱም መሀል ላይ አቁሞ መጠየቅ ይቻላል።

ፊልም ለምን ይንቀሳቀሳል?

ወደ ነጥቡ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ። ፊልም የሚንቀሳቀስ ይመስለናል እንጂ ዝም ብለው የቆሙ ፎቶዎች ናቸው። በአንድ ሴኮንድ 24 ፎቶ ይታያል። አንዱ አልፎ ሌላው ሲመጣ በጣም ስለሚፈጥን ዓይናችን ለይቶ አይዘውም፤ ስለዚህ ሰውየው የሚራመድ ይመስለናል። ለማረጋገጥ የደብተራችሁ ጥግ ላይ በየገጹ እግሩን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሳችሁ ሰው ሳሉና ገጾቹን በአውራ ጣታችሁ ቶሎ ቶሎ ልቀቋቸው። ይሄዳል! አሁን ሂሳብ እንሥራ። ሁለት ሰዓት 7,200 ሴኮንድ ነው፤ በ24 ስናባዛው 172,800 ፎቶ ይሆናል። አንድ ፊልም ማለት ይህን ያህል ሥራ ነው።

1ኛ. ትርጉም ፊልሞች

የህንዱንም የቱርኩንም ሁላችሁም ስለምታውቁት ብዙ አልልም። ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ተከታታይ ፊልሞችን በአማርኛ ድምፅ አሳይቷል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የእኛ አገር ተዋንያን ስቱዲዮ ገብተው ምስሉን እያዩ፣ የቱርኩ ሰው አፉን ሲከፍት እነሱ በአማርኛ ይናገራሉ። የቃላቱ ርዝመት እኩል ስላልሆነ አንዳንዴ አፉ ተዘግቶ ድምፁ ይቀጥላል። ጥሩነቱ ማንበብ የማይችል ሰውም ይረዳዋል። አያቴ እኮ ከሰዎቹ ጋር ትጣላለች፤ "ተይው አንቺ ልጅ፣ ይህ ሰው አይበጅሽም!" ትላለች። የማልወደው ግን አያልቅም። አንድ ምስጢር ለመናገር ሃያ ቀን ይፈጃል። ከ10 5 ሰጥቻለሁ።

2ኛ. ፕላኔት ኧርዝ

ይህ ተዋናይ የለውም፤ የተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልም ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳየው ነው። ስለ ተራራዎች የሚናገረው ክፍል የሚጀምረው ከኢትዮጵያ ነው፤ የእኛ የሰሜን ተራሮች ከነጭላዳውና ከነዋልያው ይታያሉ። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። እንደ ሌላ ዝንጀሮ ፍሬ ፍለጋ ዛፍ ለዛፍ አይዞርም፤ ቁጭ ብሎ ሣር ይግጣል። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

እታለም ስታየው ብድግ አለች። "ይህ እኮ የእኛ ገደል ነው! እኔ ትንሽ ሆኜ ገብስ ስጠብቅ ስንት ቀን አባርሬዋለሁ" አለች። ፊልሙ ላይ ጭላዳ ውብ ነው፤ ለገበሬ ልጅ ግን ገብስ የሚበላ ሌባ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ፊልሙ ግን ገብስ ጠባቂዋን ልጅ አላሳየም። ስለዚህ 8።

3ኛ. ላምብ

የያሬድ ዘለቀ ፊልም ነው። በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታበት፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ዘመዶቹ ዘንድ ይተወዋል። ቹኒ የምትባል በግ አለችው፤ ከእናቱ ጋር የምታገናኘው እሷ ብቻ ናት። አጎቱ ደግሞ በጓ ለበዓል ትታረድ ይላል። ኤፍሬም ወጥ መሥራት ይችላል፤ አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ማድቤት ምን ይሠራል ብሎ ይቆጣል።

ወንድሜ አለቀሰ። ነገር ግን በነጋታው ሳይታዘዝ ሽንኩርት ልላጥ ብሎ ገባ። እናቴ ሳቀች፤ አያቴ ግን "ተው ልጄ፣ እጅህ ይቆረጣል" ብላ ልታስወጣው ነበር። ልክ እንደ ፊልሙ! አንድ ፊልም ጥሩ ነው የምለው በነጋታው ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ነው። 9።

4ኛ. ጤዛ

ይህን ፊልም እያንዳንዱ የጎንደር ልጅ ማወቅ አለበት። ምክንያቱም የሠራው ኃይሌ ገሪማ በ1938 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር የተወለደ ነው። አባቱ ቴአትር ይጽፉ ነበር። እሱ በወጣትነቱ ለትምህርት አሜሪካ ሄዶ ብዙ ዓመት በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ጤዛ በ2000 ዓ.ም. በጣሊያን በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በቡርኪና ፋሶ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት አግኝቷል።

ታሪኩ አንበርብር ስለሚባል ሰው ነው። ጀርመን አገር ተምሮ፣ ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ አንድ እግሩን አጥቶ እናቱ ወዳለችበት መንደር ይመለሳል። ፊልሙ ትንሽ ይከብዳል። አንዴ አሁን ነው፣ አንዴ ድሮ ነው፣ እንደ ሕልም ይቀላቀላል። እኔ መለያ አግኝቻለሁ፤ እግሩን አጥቶ ካያችሁት አሁን ነው፣ በሁለት እግሩ ከሄደ ድሮ ነው። ደም ያለበትን ቦታ አባቴ አሳልፎታል፤ እናንተም ከትልቅ ሰው ጋር እዩት።

የመንደሩ ወጣቶች ለጦርነት እንዳይወሰዱ ዋሻ ውስጥ የሚደበቁበት ቦታ ላይ አያቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ "እኔም ወንድሜን ጎተራ ውስጥ ደብቄዋለሁ" አለች። አባቴ እንኳ ይህን ሰምቶ አያውቅም! "ለምን አልነገርሽንም?" ሲላት "ማን ጠየቀኝ?" አለች። ያን ማታ ፊልሙን አቁመን እሷን ነው የሰማነው። ስለከበደኝ 8 ልሰጠው ነበር፤ አያቴን ስላናገረልኝ 9 ሰጠሁት።

5ኛ. ድፍረት

ይህ በ2006 ዓ.ም. የወጣ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው። ስሙ ራሱ ሁለት ትርጉም አለው። ድፍረት ማለት ጀግንነት ነው፤ ሴት ልጅን መድፈርም ከዚያው ቃል ይወጣል። ሂሩት የ14 ዓመት ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ይጠልፏታል። ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድለዋለች፤ ከዚያ ትከሰሳለች። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። እሳቸው የእውነት ሰው ናቸው፤ ታሪኩም ከእውነተኛ ጉዳይ የተወሰደ ነው። መዓዛ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ሂሩት 14 ዓመቷ ነው፤ እኔ 13፣ እታለም 15። ፊልሙ ሳያልቅ እታለም ተነሥታ ወጣች። ተከትያት ስወጣ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። "በእኛ ቀበሌ በፈረስ አይመጡም፤ ሽማግሌ ነው የሚላከው። ቡና ተፈልቶ፣ ሁሉም ሰው እየሳቀ ነው የሚያልቀው" አለችኝ። አምስተኛ ክፍል እያለች ሽማግሌ መጥቶባት ነበር። እናቷ "ትማር" ብላ ነው ወደ እኛ የላከቻት። ዘንድሮም ለፋሲካ ስትሄድ ሽማግሌዎቹ እንደሚመጡ ሰምታለች። ይህን የጻፍኩት አስፈቅጃት ነው፤ "ስሜን ተይው፣ ነገሩን ግን ጻፊው" ብላኛለች።

በሚቀጥለው ሳምንት አጎቴ ለጉዳይ ጎንደር መጥቶ እኛ ቤት አደረ። አባቴ ምንም ሳይናገር ድፍረትን ከፈተው። አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ እስከ መጨረሻው አየ። አልተናገረም። ጠዋት ሲሄድ ለእታለም "ለደብተር" ብሎ 200 ብር ሰጣት። እሷ ብሩን መጽሐፏ ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ እስካሁን አላወጣችውም። "ለደብተር ያለው ለሚቀጥለው ዓመትም ከሆነ ነው ደስ የሚለኝ" ትላለች።

ሕጉን ደግሞ እወቁት። በቤተሰብ ሕጋችን ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የተከለከለ ነው። በድሮው ሕግ ጠላፊ ልጅቷን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን ይህን አስቀርቶታል። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ተማሪ ለሚያምነው መምህር፣ ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ወይም ለፖሊስ መናገር ይችላል። ወሬ ማቀበል አይደለም፤ ጓደኛን ከክፍል እንዳትጠፋ መያዝ ነው።

የዚህን ፊልም ነጥብ ለእታለም ተውኩላት። እስክርቢቶውን ተቀብላ 9 ጻፈች። ለምን 10 አልሰጠሽም ስላት፣ "ጠበቃዋ ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው። በየወረዳው ስትኖር 10 እሰጣለሁ" አለች። ከዚያ ራሷ ጠበቃ ብትሆንስ? እኔ ይህን ነው ያሰብኩት።

እንዴት እንመዝን?

በመጨረሻ እኔ የምጠቀምባቸውን ሦስት ጥያቄዎች ልስጣችሁ። አንደኛ፣ ታሪኩን የሚያሳየን ማን ነው፣ ማንስ ሳይታይ ቀረ? ሁለተኛ፣ ፊልሙ ውስጥ ያለው ችግር በእኛ ሰፈር በምን መልክ ይመጣል? ሦስተኛ፣ ካለቀ በኋላ ቤት ውስጥ ምን ተወራ? ተዋናይዋ ቆንጆ ናት፣ መኪናው ጥሩ ነው ማለት ብቻውን አስተያየት አይባልም።

ሌላም አለ፤ ፊልም ስታዩ አያቶቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ስታዩም አቁማችሁ ጠይቋቸው፤ ያልተነገረ ብዙ ነገር አላቸው።

እናንተስ በዚህ ወር ምን አያችሁ? ከ10 ስንት ሰጣችሁ? ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክፍሉ በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ክተቱልን። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።