ልጆቻችንና ቅርጫት ኳስ፤ ከሩቅ ከመወርወር በፊት

የዐስር ሶላት ተሰግዶ የሐዋሳ ፀሐይ በረድ ማለት ሲጀምር፣ መረብ የሌለው ቀለበት በቆመበት የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ከልጆቻችን ጋር እንገናኛለን፡፡ እስከ መግሪብ ያለን ጊዜ አጭር ነው፡፡ ልጆቹ ግን ሜዳ እንደደረሱ ሁሉም የሚሮጡት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ሦስት ነጥብ ወደሚያስገኘው የሩቅ መስመር፡፡ በቴሌቪዥን ያዩት እሱን ነውና አንፈርድባቸውም፡፡

ባለፈው ዓመት አንድ የ12 ዓመት ልጅ ነበረን፡፡ ኳሷን በሁለት እጁ ከወገቡ በታች ይይዝና ወደ ኋላ ተለጥጦ ይወነጭፋታል፡፡ የሚገርመው አንዳንዴ ትገባለታለች፤ ጓደኞቹም ያጨበጭቡለታል፡፡ እኛም በሁሉም ፊት አስቁመን "ይህ ውርወራ አይደለም" አልነው፡፡ ከቀለበቱ አንድ እርምጃ ላይ አቆምነው፡፡ ጉልበቱን አጠፍ፣ ክርኑን ከኳሷ ሥር፣ ግራ እጁን ለድጋፍ ብቻ ከጎን አድርጎ፣ ሲለቃት የእጅ አንጓውን ወደ ፊት እንዲያጥፍ አሳየነው፡፡ በዚያ ሳምንት ያስገባው ከበፊቱ ያነሰ ነበር፡፡ ልጆቹ "ኡስታዝ አበላሹት" ብለው ሳቁበት፡፡ በሚቀጥለው ሳምንት ቀረ፡፡

ጥፋቱ ግማሹ የእኛ ነበር፤ ልጅ በጓደኞቹ ፊት አይታረምም፡፡ ግማሹ ግን የኳሷና የቀለበቱ ነው፡፡ የያዛት ኳስ ለአዋቂ ወንዶች የተሠራችው 7 ቁጥር ነበረች፡፡ የቀለበቱ ከፍታ 3.05 ሜትር የሆነውም ጄምስ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 ጨዋታውን ሲፈጥር የኮክ ቅርጫቶቹን የሰቀለበት የአዳራሹ ሰገነት ከፍታው ያን ያህል ስለነበረ ነው እንጂ፣ ለልጅ ቁመት ተለክቶ አይደለም፡፡ ለትንንሽ ልጆች በተዘጋጀው ጨዋታ ቀለበቱ 2.60 ሜትር፣ ኳሷም 5 ቁጥር ናት፡፡ ክንዱ ያልጠና ልጅ ከወገቡ ባይወነጭፍ ምን ያድርግ? ቀለበቱን ዝቅ ማድረግ ባንችል፣ ልጁን ማቅረብና ቀለል ያለች ኳስ መስጠት እንችላለን፡፡

አንድ ቀን የልጁ አባት መጡ፡፡ ሊወቅሱን መስሎን ነበር፡፡ "መምህር፣ የመጣሁት ስለ ኳሱ አይደለም" አሉን፡፡ "ቁርአኑን ሲቀራ አዲስ ሱራ ለመጀመር ይጣደፋል፤ ያለፈውን ግን ተመልሶ አያየውም፡፡ ምን ባደርገው ይሻላል?" ሳናስበው ፈገግ አልን፡፡ እኛንም በልጅነታችን ኡስታዛችን የትናንቱን ሳናሰማ የዛሬውን አይሰጡንም ነበር፡፡ ቤት ውስጥ እሳቸው፣ ሜዳ ላይ እኛ፣ አሮጌውን ሳይደግም አዲስ እንዳይነካ ተስማማን፡፡

በዓለም የታወቁትም በዚሁ መንገድ ነው ያለፉት፡፡ አሠልጣኝ ጆን ውደን ከ1964 እስከ 1975 ዩሲኤልኤን ለ10 ዋንጫ ሲያበቁ፣ የመጀመሪያው ቀን ትምህርታቸው ካልሲ አጠላለቅ ነበር፡፡ የተጨማደደ ካልሲ እግር ያቆስላል፤ እግሩ የቆሰለ ደግሞ ልምምድ ይቀራል፡፡ ከእሳቸው ሥር ያደገው ከሪም አብዱልጀባር በልጅነቱ ከቀለበቱ ሥር ቆሞ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እጁ ማስገባትን ይደጋግም ነበር፤ በኋላ 38,387 ነጥብ አስቆጥሮ እስከ 2023 ማንም አልደረሰበትም፡፡

የግራ እጅ ነገር ለእኛ ልጆች ከባድ ነው፡፡ በቀኝ ብሉ፣ በቀኝ ስጡ እያልን አሳድገናቸዋልና ግራቸው ሰንፏል፡፡ ስለዚህ በየቀኑ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ በግራ ብቻ፣ ዓይናቸውን ከኳሷ አንሥተው ያነጥራሉ፡፡ ነጻ ውርወራውን ደግሞ ለመጨረሻ፣ ሲደክማቸው እናስወረውራቸዋለን፤ በውድድር የሚመጣው በድካም ሰዓት ነውና፡፡

በረመዳን ልምምዱ ይቅር የሚሉ ወላጆች አሉ፡፡ ሐኪም ኦላጁዋን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1995 እየጾመ ተጫውቶ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ እሱ ግን የጠና ሰው ነበር፡፡ ልጆቹን በጾም ሰዓት ማስሮጥ አንወድም፤ ኳስ መያዝና አቋቋም ብቻ እናሳያቸዋለን፡፡ ሴቶች ልጆቻቸው በሒጃብ መጫወት ይችሉ እንደሆነ ለሚጠይቁንም፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከኦክቶበር 2017 ጀምሮ እንደፈቀደ እንነግራቸዋለን፡፡

ልጁ ከዒድ በኋላ ተመለሰ፡፡ ለብቻው ጠርተን ይቅርታ ጠየቅነው፡፡ ባለፈው ሐሙስ ከአንድ እርምጃ ላይ ከ20 ውርወራ 13 አስገባ፡፡ "አሁንስ ወደ ኋላ ልሂድ?" አለን፡፡ ግማሽ እርምጃ ፈቀድንለት፡፡ ሦስቱን ስቶ አራተኛዋን እንዳገባ የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ኳሶቹን ሰበሰብን፡፡