ወገብ ለሚቆረጥማችሁ፦ የሚሞቅ ድንጋይ አመራረጥና አዘገጃጀት

ጀሪካን ተሸክማችሁ፣ የራሽን ጆንያ አንስታችሁ ማታ ወገባችሁን የሚቆረጥማችሁ ብዙ ናችሁ። ድንጋይ አሙቆ ማሸት ከድሮም የነበረ ነው፤ እኛም አንከለክልም። ሙቀቱ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፣ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሳል። ነገር ግን ድንጋዩ ካልተመረጠ፣ አሞቃቁም ካልታወቀ ጉዳቱ ይብሳል።

እዚህ ካኩማ ድንጋይ የምናገኘው ከላጋው ነው። እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ዘንቦ ጎርፍ በድንገት ሊደርስ ስለሚችል፣ በዳመነ ቀን አትውረዱ፤ ልጆችንም አትላኩ።

የሚሻለው ጎርፍ አንከባሎ ያለሰለሰው፣ ከበድ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው። አገር ቤት አጥር የሚካብበት ዓይነት ማለት ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ጠፍጣፋ፣ መዳፍ የሚሞላ፣ ሁለት ጣት ያህል የወፈረ ይበቃል። ደረቁ ድንጋይ ላይ ውኃ ጠብ አድርጉበት፤ ከመጠጠው ተዉት። በምስማር ፋቁት፤ ዱቄት ከወጣው ተዉት። ስንጥቅ ያለበት፣ ቀዳዳ የበዛበት ወይም እንደ ቂጣ የተደራረበ ከሆነም አይሆንም።

አደራ የምለው እዚህ ላይ ነው፤ ድንጋይ እሳት ውስጥ አትጨምሩ! በስንጥቁና በቀዳዳው የገባ ውኃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ያፈነዳዋል። ስባሪው የሚያርፈው ምድጃው ዙሪያ የተቀመጡት ልጆች ዓይን ላይ ነው። በተለይ የወንዝ ድንጋይ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። በፍም የጋለ ድንጋይ ምን ያህል እንደጋለም በዓይን አይታወቅም።

ስለዚህ በውኃ አሙቁት። በሳሙና ፈትጋችሁ እጠቡ፣ ድስት ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ አልብሱትና ቀስ እያላችሁ አሙቁ። መፍላት አያስፈልገውም፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ እንኳ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ያቃጥላል፣ የሕፃንና የአረጋዊን ደግሞ ከዚያም ፈጥኖ። በጭልፋ አውጥታችሁ አድርቁትና በራሳችሁ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ሞክሩት። እስከ አሥር ቆጥራችሁ ካልቻላችሁት፣ የታመመውም ሰው አይችለውም። በታጠፈ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ወገቡ ላይ አኑሩ፤ በመሐል እየገለጣችሁ ቆዳውን እዩ፤ ከሩብ ሰዓት አታሳልፉ። ማሸት ከፈለጋችሁ ድንጋዩ ለብ ሲል ጥቂት ዘይት ቀብታችሁ እያንሸራተታችሁ ነው። (የራሽን ዘይት ወር እንደማያደርስ አውቃለሁ፤ ሁለት ጠብታ ይበቃል።) ድንጋዩ ላይ መተኛት ግን አይቻልም፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሲቃጠል አይነቃም ይሆናል።

ስኳር ያለባቸው፣ በሥጋ ደዌ ወይም በስትሮክ ምክንያት አካላቸው የደነዘዘ አባቶችና እናቶች፣ እባካችሁ ይህን አትሞክሩ። ቢቃጠሉም ላይሰማቸው ይችላል። በሕፃናት ላይ፣ በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ፣ በቁስል ላይ አታድርጉ። ገና በተመታና ባበጠ ቦታ ላይም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አይሆንም። አንድ እግር ብቻ አብጦ የሚያምም ከሆነ አትሹት፤ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ክሊኒክ ኑ።

ከወገብ ሕመሙ ጋር ትኩሳት ካለ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተም ወዲያው ኑ። ለሳምንታት የቆየ የጀርባ ሕመም የሌሊት ላብና ክሳት ካስከተለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላልና እንመርምራችሁ።

ድንገት ከተቃጠላችሁ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ውኃ ውድ መሆኑን እናውቃለን፤ ለዚህ ግን አትሰስቱ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና አትቀቡ። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ክሊኒክ ኑ።