ቆረቆር ሲወጣ ልጅዎ ራስ ላይ ምን ይካሄዳል?

ልጅዎ ራሱን ደጋግሞ ያካል። ገለጥ አድርገው ሲያዩት የሳንቲም ያህል ቦታ ተመልጧል፤ ቆዳው ይቀረፋል፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። ነጠብጣቦቹ እድፍ እንዳይመስሉዎት። ከሥራቸው የተቀነጠሱ ፀጉሮች ናቸው።

በአገራችን ቆረቆርን በብዛት የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የተባለ ፈንገስ ነው። የሚመገበው ኬራቲንን፣ ማለትም ፀጉርና ጥፍር የተሠሩበትን ፕሮቲን ነው። ኬራቲን የሚያሟሟ ኢንዛይም እያመነጨ ወደ ፀጉሩ ሥር ይወርድና ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ውስጡ የተበላ ፀጉር ደግሞ ይሰበራል።

ወደ ጥልቀት ግን እምብዛም አይዘልቅም። ከሞተው የቆዳ ሽፋን በታች ነጭ የደም ሴሎች አሉ፤ ፈንገሱ ለማደግ የሚፈልገውን አይረንም ሰውነት አጥብቆ ይይዝበታል። ልጅ ሲጎረምስ የራስ ቆዳው ወዝ ይጨምራል፤ ወዙ ውስጥ ያሉት አሲዶች ለፈንገሱ አይስማሙትም። ቆረቆር በአብዛኛው የልጆች በሽታ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መቅላቱና ማበጡ በአብዛኛው የሰውነት የመከላከል ምላሽ ነው። አንዳንድ ልጅ ላይ ምላሹ ከልክ ያልፍና መግል የሚያዥ እብጠት ይወጣል፤ ሐኪሞች ኬሪዮን ይሉታል። እባጭ መስሏቸው የሚያስበጡ ወላጆች አሉ። የሚያስፈልገው ግን የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ከዘገየ ፀጉር የማያበቅል ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ያለ ማዘዣ የሚገዛው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው። ሲቀቡት መቅላቱና ማሳከኩ ጋብ ይላል፤ እናትም ተመስገን ትላለች። ጋብ ያለው ግን የሰውነት መከላከል ነው፤ ፈንገሱ ድምፁን አጥፍቶ ይስፋፋል። የፈንገስ ቅባትም ቢሆን ብቻውን ፀጉሩ ሥር አይደርስም። ነጭ ሽንኩርቱማ ቆዳውን ያቃጥለዋል።

ስለዚህ ሐኪም የሚዋጥ መድኃኒት ያዛል። የቆየው ግሪሲዮፉልቪን ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። መድኃኒቱ የሚገባው አዲስ በሚበቅለው ፀጉር ውስጥ በመሆኑ፣ የተያዘው ፀጉር አድጎ እስኪወጣ መታገሥ ግድ ነው። ማሳከኩ ሲተው የሚያቋርጡ ቤተሰቦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ምልክት ሳይታይባቸው ፈንገሱን የሚሸከሙ ወንድምና እህቶች ስላሉ እነሱንም ያሳዩ። ማበጠሪያና ኮፍያ ለየብቻ ይሁን። ፀጉር ቤት ሲሄዱም ቶንዶሱ ተጠርጎ ከሆነ ይጠይቁ፤ አስተካካዩ ቢኮሳተርም።