የጽንስ ሳንባ፣ የሊጊንስ በጎችና የሳምንታት ቆጠራ

እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱ ሕፃናት መካከል 45 በመቶ ያህሉን ለሞት የዳረገው በሳንባ አለመብሰል ምክንያት የሚከሰተው የመተንፈስ ችግር መሆኑን አመልክቷል። የችግሩ ምንጭ ከታወቀ ቆይቷል። የሳንባን የአየር ከረጢቶች ከውስጥ የሚሸፍነውና አየር በወጣ ቁጥር ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚጠብቃቸው ሰርፋክታንት፣ በእነዚህ ሕፃናት ሳንባ ውስጥ በበቂ መጠን እንደማይገኝ ሜሪ ኤለን ኤቨሪ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 አሳይተዋል። መከላከያው ግን የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው።

ግራሃም ሊጊንስ በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ ከተማ፣ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም ነበሩ። ሲያጠኑት የነበረው ጥያቄ ምጥን የሚያስጀምረው ማን ነው፣ እናት ወይስ ጽንስ? የሚል ነበር። ለዚህም በጎችን መረጡ። የጽንሱ ፒቱታሪ ዕጢ ሲጠፋ በጊቱ የመውለጃ ጊዜዋን አሳልፋ ትቆያለች፤ በተቃራኒው ለጽንሱ ኮርቲሶልን የመሰለ ሆርሞን ሲሰጠው ምጡ ያለጊዜው ይመጣል። ከዚህ የተነሣ የበግ ምጥ የሚነሣው ከጽንሱ በኩል መሆኑ ተረጋገጠ። ሊጊንስን ይበልጥ ያስገረማቸው ግን ከእነዚህ ግልገሎች አንዳንዶቹ በዚያ ዕድሜ ይተነፍሳሉ ተብሎ ሳይጠበቅ መተንፈሳቸው፣ ሳንባቸውም በከፊል አየር ይዞ መገኘቱ ነበር። ሆርሞኑ ሳንባውንም አብስሎታል ማለት ነው። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተሙ። ብዙ ተመራማሪ ከዋናው ጥያቄ ውጭ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችል የነበረ ነገር ነው።

ከሕፃናት ሐኪሙ ከሮስ ሃዊ ጋር ያካሄዱት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1972 ታተመ። ያለጊዜያቸው ይወልዳሉ ተብለው ከተሠጉ 282 እናቶች መካከል ቤታሜታዞን ከተሰጣቸው የተወለዱት ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞቱት 3.2 በመቶ ሲሆኑ፣ በማነጻጸሪያው ቡድን ግን 15 በመቶ ነበሩ። ይህን ያህል ልዩነት እያለ ሕክምናው በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል ሁለት ዐሥርት ዓመታት አለፉ። የተደጋገሙትን ሙከራዎች ውጤት በአንድነት የሚያሳየው ሥዕል ዛሬ የኮክሬን ድርጅት ዓርማ ሆኖ ይታያል።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል በእኛ ዓይነት ሁኔታ ለሚሠራ ባለሙያ ከመጀመሪያው ይልቅ ይመለከተዋል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ስለዚህ እስከ ገጠር ጤና ተቋም ድረስ ቢዳረስስ ተብሎ በስድስት አገሮች ሰፊ ሙከራ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሞቱት ሕክምናው በተስፋፋባቸው ሥፍራዎች 27.4፣ በሌሎቹ 23.9 ሆኑ። በእናቶች ላይ የተጠረጠረ ኢንፌክሽንም ጨመረ። መርፌውን ከወሰዱት እናቶች አብዛኞቹ የወለዱት ሕፃን ትንሽ አልነበረም፤ የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል ባለመታወቁ መድኃኒቱ ለማይገባቸው ደረሰ።

በዚህ ተስፋ መቁረጥ አልተገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን በሚገኙ ሆስፒታሎች ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሙከራ፣ ዴክሳሜታዞን የጨቅላ ሕፃናትን ሞት ከ23.5 ወደ 19.6 በመቶ መቀነሱን አረጋግጧል፤ የእናቶች ኢንፌክሽንም አልጨመረም። ልዩነቱ በእኔ ግምት ከመርፌው ሳይሆን በዙሪያው ካለው ሥራ ነው፦ የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ ተለክቷል፣ ሕፃኑን የሚቀበል ክፍልም ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ባደሰው መመሪያም ሕክምናው ከ24 እስከ 34 ሳምንታት ባለው ጊዜ እንዲሰጥ ሲመክር፣ የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል መታወቁን፣ ወሊዱ በእርግጥ መቃረቡን፣ በእናቲቱ ላይ ኢንፌክሽን አለመኖሩን፣ ለእናቲቱም ሆነ ለሕፃኑ በቂ እንክብካቤ መኖሩን በቅድመ ሁኔታነት ያስቀምጣል።

አልትራሳውንድ በሌለበት ጤና ጣቢያ ሁሉም ነገር ወደ መጨረሻው የወር አበባ ቀን ይመለሳል። እናቲቱ “ለጥምቀት ሰሞን” ወይም “ጾሙ ሲያዝ” ብላ ብትነግረን፣ ከዚያ በዓል በፊት ስንት ቀን፣ ከዚያስ በኋላ ስንት ቀን ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዓመቱ ውስጥ የሚዘዋወረው ጾም ከሆነ ደግሞ የዚያ ዓመት ቀኑ ይታይ። በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ሲደመር 280 ቀን ይሞላል፤ ጳጉሜን በመካከሉ ካለፈች የሚደመረው 5 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ደግሞ 4 ቀን ነው። የተገኘው ቀን በመጀመሪያው ጉብኝት በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ምጥ ይዟት በሌሊት የምትመጣ እናት ይህን ቀን አስታውሳ እንድትነግረን መጠበቅ አይገባም።